እጇን ያወጣችው ልጅ

በቀደም ልጄ ከአሜሪካ ደወለችልኝ። የምትኖረው ሜሪላንድ፣ ሐበሻ በሚበዛበት ሞንትጎመሪ ካውንቲ ነው። «እማዬ፣ ከትምህርት ቦርድ ስብሰባ መመለሴ ነው» አለችኝ። «አስተማሪ ሆንሽ እንዴ?» ብላት ሳቀች። «ኧረ እንደ ወላጅ ሄጄ ነው!»

ቦርዱ ስምንት አባላት አሉት። ሰባቱን ሕዝቡ ለአራት አራት ዓመት ይመርጣል። ስምንተኛው ተማሪ ነው፤ እሱን ደግሞ ተማሪዎቹ ራሳቸው በየዓመቱ ይመርጡታል። የትኛው ሰፈር ልጅ የት ይማር፣ ትምህርት መቼ ይከፈት የሚለው የሚወሰነው እዚያ ነው። ወላጅ አስቀድሞ ከተመዘገበ ለጥቂት ደቂቃ ሐሳቡን ይናገራል። የትምህርት ቤት ማስታወቂያ እንኳ በአማርኛ ተተርጉሞ ይደርሳታል። «ጭቅጭቁ አይጣል ነው፤ ግን ይሰሙሻል» አለችኝ።

ተማሪም አብሮ ይቀመጣል ስትለኝ ሞጣ ትዝ አለኝ።

2002 ዓ.ም. ገደማ ነው። ከቢቸና ተዛውሬ ሞጣ እሠራ ነበር። አንድ ትምህርት ቤት ስለ ንጽሕና እንዳስተምር በወላጆች ስብሰባ ላይ ጋበዘኝ። ቀኑ ጊዮርጊስ ስለነበር ሥራ የያዘ ሰው የለም፤ ግቢው ጋቢ በለበሰ አባወራ ተሞልቷል። እናቶች ከዳር ተቀምጠዋል። ከመንግሥት የመጣው ድጎማና የወላጅ መዋጮ ተደምሮ ለአንድ ሥራ ብቻ ይበቃል። አጥር ይታጠር ወይስ ለሴቶች ልጆች የተለየ መጸዳጃ ቤት ይሠራ?

«ከብት ገብቶ ችግኙን ጨረሰው፤ አጥር ይቅደም» አሉ ብዙዎቹ። ይሄኔ አንዲት የሰባተኛ ክፍል ልጅ እጇን አወጣች። «መጸዳጃ ቤቱ መዝጊያ የለውም፤ እኛ ሴቶቹ...» ብላ ሳትጨርስ፣ «ቁጭ በይ አንቺ! አባትሽ ይናገርልሽ» አላት አንዱ። ሰው ሳቀ። ልጅቷ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ተቀመጠች።

መጨረስ ያቃታትን ነገር እኔ አውቀው ነበር። የወር አበባቸው በመጣ ቁጥር ሦስት አራት ቀን ከትምህርት የሚቀሩ ልጆች ጤና ጣቢያ ሲመጡ አነጋግራቸዋለሁ። ነገር ግን እንግዳ ነኝ ብዬ ዝም አልኩ። አጥሩ ተወሰነ፤ አጨብጭበን ተለያየን። እኔም አጨብጭቤያለሁ።

ሕግ ጎድሎን አይደለም። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ትምህርት ቤት ኅብረተሰቡ፣ መምህራንና ተማሪዎች ባሉበት ቦርድ ወይም ኮሚቴ እንዲመራ ይል ነበር። የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት (ወተመህ) በየትምህርት ቤቱ አለ፤ ተማሪ በስሙ ውስጥ እንኳ ተጠቅሷል። እኛ ግን ትምህርት ቤት የሚጠራን መዋጮ ሲኖር ወይም ልጅ ሲያጠፋ ብቻ ነው ብለን ለመድን። ገንዘቡን እናዋጣለን፤ ምን ላይ ዋለ ብለን አንጠይቅም።

በክልላችን በጸጥታ ችግር ትምህርት የተቋረጠባቸው ልጆች ብዙ ናቸው። ትምህርት ቤት ሲከፈት ምኑ አስቀድሞ ይጠገን የሚለው ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም። ያን ጊዜ እናቶች ከዳር አንቀመጥ። ድጎማው ስንት እንደሆነ እንጠይቅ። ልጆቻችንን ስለ ውኃው፣ ስለ መጸዳጃ ቤቱ፣ ስለ መንገዱ ቤት ሳሉ ጠይቀን እንሂድ፤ በየቀኑ የሚያዩት እነሱ ናቸውና። ልጅ እጁን ካወጣ ደግሞ እስኪጨርስ እንስማው።

ይህን ሁሉ ለልጄ ስነግራት፣ «ልጅቷስ ትምህርቷን ጨረሰች?» አለችኝ። አላውቅም። ስሟን እንኳ አልጠየቅኋትም። አሁን የልጅ ልጄ ትምህርት ቤት ስብሰባ ሲጠራ እናቱን አልልክም፤ አብሬያት እሄዳለሁ። እንግዳ ነኝ ብዬም ዝም አልልም።