ነፋስ ፍለጋ ሽቅብ

የነፋስ ወፍጮ ሲነሣ ብዙዎቻችን በዐይነ ኅሊናችን የምንስለው በለምለም ሜዳ ላይ ለብቻው የቆመውን፣ ላሞች በዙሪያው የሚግጡበትን፣ ሠዓሊ የሚወደውን ዓይነት ነው። በሮተርዳም አጠገብ ያለችው የሆላንዷ ስኺዳም ግን ወፍጮዎቿን ያቆመችው በቤቶች መካከል ነው። ቤቱና መጋዘኑ እየበዛ ነፋሱን ጋረደው፤ ወፍጮውም ነፋስ ፍለጋ ሽቅብ አደገ። እ.ኤ.አ. በ1803 የተሠራው «ደ ኖርድ» (ሰሜን ማለት ነው) እስከ ጣራው ድረስ ከ33 ሜትር በላይ ይረዝማል። በዓለም ላይ ካሉት ጥንታዊ የነፋስ ወፍጮዎች ረጃጅሞቹ የሚገኙት በዚህች ከተማ ነው።

ያ ሁሉ ከፍታ በአመዛኙ ለእንጀራ አልነበረም፤ ለመጠጥ ነበር። የሚፈጨው የገብስ ብቅልና ራይ የተባለው እህል ነው። ዱቄቱ ተጠንስሶ፣ በእሳት ተነጥሮ፣ በጥድ ፍሬ መዓዛ ታሽቶ «የኔቨር» የተባለው አረቄ ይወጣዋል። ያ ጥድ በደብሮቻችን ቅጥር ውስጥ የምናውቀው ጥድ የቅርብ ዘመድ ነው። እኛ ዘንድ ለምእመናን ጥላ የሆነው ዛፍ ወገን፣ እዚያ የመለኪያ መዓዛ ሆነ!

በ19ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ በከተማዪቱ ወደ 400 የሚጠጉ የአረቄ ማውጫ ቤቶች ነበሩ። አተላው ለከብትና ለአሳማ ይቀለባል፤ የድንጋይ ከሰሉ ጢስ ግን ለሰው ተረፈ። ግድግዳው በጥላሸት ከመጥቆሩ የተነሣ ስኺዳምን «ጥቁር ናዝሬት» አሏት። ዛሬ የወፍጮዎቹን ቁመት የሚያደንቅ ሰው ይህን ጥላሸት ቢዘለው ውበታቸውን በግማሽ ያየ ይመስለኛል። ክንፎቹ ንጹሑን አየር የሚቀዝፉት ከታች ሌላው ሰው በሚተነፍሰው ጢስ ላይ ሆነው ነበርና።

ከዚያ የእንፋሎት ሞተር መጣ፤ ከሞላሰስ የሚወጣ ርካሽ አልኮልም ተከተለ። ሃያ ያህል ከነበሩት ወፍጮዎች የተረፉት ጥቂት ናቸው።

እ.ኤ.አ. በ2005 አንድ ነባር የአረቄ ፋብሪካ «ደ ኖሌት» የተባለውን፣ ከጥንቶቹም የሚበልጠውን አቆመ። ከሩቅ ሲያዩት ወፍጮ ነው፤ በውስጡ ግን መጅም ሆነ ዱቄት የለም፤ የሚያመነጨው ኤሌክትሪክ ነው። የወፍጮ ልብስ የለበሰ ሞተር ብለው አይከፋው ይሆናል። እኔ ግን ልቤ የሚያደላው ወደ «ደ ፍሬይኸይት» ነው። ስሙ «ነጻነት» ማለት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1785 ተሠራ፤ ዛሬም ነፋስ በመጣ ጊዜ እህል ይፈጫል።