የጋምቤላ ላምና ሙት ልጆች

ከኢሉባቦር ደጋ ወደ ጋምቤላ ስንወርድ ሙቀቱ ይበረታል፤ ባሮም ሜዳውን አግኝቶ ተዘርግቶ ይፈሳል። የኑዌር ሕዝብ በክረምት ከብቱን ከሙላቱ ያሸሻል፤ በበጋ ወደ ወንዙ ይመልሳል።

በ2006 ዓ.ም. የደቡብ ሱዳን ጦርነት ከተነሣ ወዲህ ወላጅ ያልተከተላቸው ብዙ ሕፃናት ወደዚህ አገር ተሰደዋል። ሙት ልጆችን ለሚያሳድግ ቤት ጥቂት ላሞች ምግብም ገቢም ናቸው።

ነገር ግን ብዙ ትታለባለች ተብላ ከደጋ የምትወርደውን የፈረንጅ ላም ሙቀቱ ያደክማታል፤ በቆላ ዝንብ የሚተላለፈው ገንዲም ይጥላታል። አቢጋር የተባለችው የአገሩ ላም ወተቷ ቢያንስም ይህን ሁሉ በተሻለ ትችላለች። ስለዚህ ጥላና ንጹሕ ውኃ አይጉደልባት፤ የክረምቱም ሣር ሳይደርቅ ታጭዶ ለበጋ ይከማችላት፤ ወተቱም ፈልቶ ለልጆቹ ይሰጥ። ሙት ልጅን ሊመግብ የሚወድ ሰው አስቀድሞ ላሚቱን ይመግብ።