ሪያሉን በሪያል እንቁጠረው



ውድ የጀመዓችን አንባቢያን፣ በዚህ ግቢ ውስጥ ዐረብ አገር ባለ ወንድም ወይም እህት ላብ የምንማር ጥቂት አይደለንም። እኔ የመሰላ ልጅ ነኝ። በእኛ ወረዳም ሆነ በጭሮ፣ በሂርና፣ በገለምሶ ብዙ ቤት ባሕር ማዶ ያለ ሰው አለው። የእኔም ታላቅ ወንድሜ ሪያድ ከገባ ስድስት ዓመት ሆኖታል። ይህን የምጽፈው እሱ ፈቅዶልኝ ነው፤ «ሌላውም ይማርበት» ብሎኛል።

ስለ ዐረብ አገር ገንዘብ ሲወራ የሚወራው ስለሚላከው ነው። እዚያ ስለሚከፈለው ኪራይ ሲጠየቅ ግን እምብዛም አይሰማም። ስለዚህ ከኪራዩ ልጀምር።

ወንድሜ የሚኖረው ብዙ የአገራችን ልጆች ባሉበት መንፉሓ በሚባለው ሰፈር ነው። ሁለት ክፍል ቤት ለስድስት ይዘዋል። ኪራዩ በዓመት 18,000 ሪያል ነው። ሳዑዲ ውስጥ ኪራይ እንደ እኛ አገር በየወሩ ሳይሆን በስድስት ወር ወይም በዓመት አንዴ አስቀድሞ መክፈል የተለመደ ነው። የእሱ ድርሻ በየስድስት ወሩ 1,500 ሪያል ይመጣል። ደሞዙ 1,800 ነው። አምስት ወር ሙሉ ኪራይ የሌለበት ይመስላል፤ በስድስተኛው ወር የአንድ ወር ደሞዝ ሊጨርስ የደረሰ ዕዳ በአንድ ቀን ይቆማል።

ምህንድስና ስንማር መጀመሪያ የምናሰላው ቋሚውን ጭነት ነው፤ ሰውና ዕቃ ሳይገባበት ሕንፃው ራሱ የሚመዝነውን ማለት ነው። የወንድሜን ወጪ በዚሁ መንገድ አብረን በስልክ አሰላነው። ኪራይ በወር ሲካፈል 250፣ ምግብ 400፣ ስልክና ትራንስፖርት 150፣ ለኢቃማ ጉዳይ 150። የኢቃማ ክፍያ በሕጉ የአሠሪው ነው፤ ከኪሱ የሚያወጣ ሠራተኛ ግን ብዙ ነው። ድምሩ 950 ሪያል ሆነ። የሚተርፈው 850 ነው። አንዱን ሪያል 40 ብር ብንይዘው፣ መሰላ ያለው ዘመድ 72,000 ብር ደሞዝ ይታየዋል። ወንድሜ እጅ ላይ ያለው ግን 850 ሪያል ነው።

ይህ ልዩነት የባሰው ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ ነው። በዚያ ቀን የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። በባንክ 15 ብር ገደማ የነበረው ሪያል በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ25 ብር አለፈ። የሳዑዲ ሪያል ግን እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ ከዶላር ጋር በ3.75 የታሰረ ነው። የወንድሜ ደሞዝ አንድ ሪያል አልጨመረም። የጨመረው የዘመድ ጥያቄ ነው፤ የሪያድ ኪራይም እንዲሁ። የሪያድ ኪራይ ንረት አስቸግሮ መንግሥት በመስከረም 2018 ዓ.ም. ለአምስት ዓመት ጭማሪ እስከ መከልከል ደርሷል። «ሚስቱን ለምን አይወስድም?» የሚሉም አሉ። ለአንድ ጥገኛ ብቻ በወር 400 ሪያል ለመንግሥት ይከፈላል፤ ሚስትና ሁለት ልጅ ቢሆኑ 1,200 ነው።

በ2017 አጎታችን ልጅ ሲድር ወንድሜን ጠየቀው። ወንድሜም አላሳፍርም ብሎ ለኪራይ የያዘውን 1,500 ላከ። ከ12 ቀን በኋላ የኪራዩ ቀን ደረሰ። የቤቱ ውል ያለበት ልጅ ደግሞ አገር ቤት ገብቶ ነበር። አከራዩ ቁልፉን ቀየረው። ስድስቱም ፍራሻቸውና ሰነዳቸው ውስጥ ሆኖ አራት ቀን ሰው ቤት አደሩ። ወንድሜ ለእናታችን አልነገራትም። እኔም የሰማሁት ከጓደኛው ነው፤ ለእናቴም ነገርኳት። ዝም ብላ ቆይታ፣ «ለሠርግ የበላነው የልጄን መኝታ ኖሯል?» አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ እንዲህ ተስማማን። ስድስቱ ልጆች ደሞዝ በገባ ቀን 250 ሪያል ለኪራይ ብቻ ያዋጣሉ፤ እንደ ዕቁብ ነው፣ ዕጣው ግን የሚወጣው ለአከራዩ ነው። ለቤተሰብ በወር 500 ሪያል ይላካል፤ ከዚያ አያልፍም። የቀረው 350 እዚያው ይቀመጣል፤ ዓላማው የሦስት ወር ወጪና የመመለሻ ትኬት እስኪሞላ ነው። በ2006 ዓ.ም. ከ160 ሺህ በላይ ወገኖቻችን ከሳዑዲ በወራት ውስጥ ሲመለሱ፣ ብዙዎቹ ባዶ እጃቸውን እንደነበር የምናስታውሰው ነው። የዘመድ ጥያቄ ደግሞ መጀመሪያ ወደ እናቴ ይመጣል፤ እኔ እጽፋለሁ፣ እሷ ትወስናለች። የሚስት፣ የልጅና የተቸገረ ወላጅ ነፈቃ ግዴታ ነው። የሠርግ መዋጮ መልካም ነገር ነው፤ ከግዴታ ግን አይቀድምም።

መጻፍን በተመለከተ፣ በቁርኣን ረጅሙ አያ የሱረቱል በቀራ 282ኛው ነው፤ የሚናገረውም ዕዳን ስለ መጻፍ ነው። መድረሳ ስንቀራው የነጋዴ ጉዳይ ይመስለን ነበር። ኪራይም በፊቅህ ኢጃራ የሚባል ውል ነው፤ ቀኑ የደረሰ ኪራይ ዕዳ ነው። ሳዑዲ ውስጥ የኪራይ ውል የሚመዘገብበት የመንግሥት ሥርዓት ስሙ ራሱ «ኢጃር» ነው። ስድስት ሆኖ ተከራይቶ ውሉ በአንድ ሰው ስም ብቻ ከሆነ፣ አምስቱ ማን ምን እንደከፈለ በመካከላቸው ጽፈው ይፈራረሙ። ጓደኝነት አይጎዳም፤ እንዲያውም ይጠበቃል።

ይህ ሁሉ ያለ ዋጋ አልመጣም። አጎታችን እስካሁን ቅር እንዳለው ነው። መሰላ የተጀመረው የወንድሜ ቤትም ግድግዳው ቆሞ ቆርቆሮ ሳይለብስ አንድ ክረምት አልፎበታል። ወንድሜ ግን ከዚያ ወዲህ ኪራይ አሳልፎ አያውቅም። እናቴም ስትደውልለት ከሰላምታ ቀጥላ «ኪራይህን ከፈልክ ወይ ልጄ?» ትለዋለች።

ከእኛ መካከል ነገ ተመርቆ ወደ ኻሊጅ ለሥራ፣ ወደ ቱርክ ወይም ማሌዢያ ለትምህርት የሚወጣ አለ። ከመውጣቱ በፊት ኪራይ በምን ያህል ጊዜ እንደሚከፈልና ውሉ በማን ስም እንደሚሆን ይጠይቅ፤ ወጪውንም በዚያው አገር ገንዘብ አስልቶ ለቤተሰቡ ያስረዳ። አገር ቤት የምንቀር ደግሞ «መቼ ትልካለህ?» ከማለታችን በፊት የኪራዩን ቀን እንወቅ። አላህ በስደት ላሉት ወንድሞቻችንና እህቶቻችን በሪዝቃቸው በረካ ያድርግላቸው፣ በሰላምም ይመልስልን። ኣሚን።