አቦይ የተባለው ልጅ

ምላስ አጥንት የላትም፤ ነገር ግን አጥንት ትሰብራለች ይባላል። ይህን ምሳሌ ለተማሪዎቼ ብዙ ጊዜ አስተምሬዋለሁ፤ ትርጓሜውን የተማርሁት ግን በ2017 ዓ.ም. በመቀሌ ከተማ፥ በዓይናለም ሳስተምር፥ ከአንድ ልጅ ነው።

በትግራይ ትምህርት ቤቶች በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በወረርሽኝ ምክንያት ተዘጉ፤ በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ደግሞ ጦርነት ተነሣ። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. የፕሪቶሪያው ስምምነት ከተፈረመ በኋላ ብዙዎች ወደ ትምህርታቸው ሲመለሱ፥ ይህ ልጅ ግን ከቀዬው የተፈናቀለ ነበረና፥ ሸክም እየተሸከመ እናቱን ሲረዳ ሁለት ዓመት ተጨመረበት። ስለዚህ በ15 ዓመቱ፥ ሦስት ዓመት ከሚያንሱት ልጆች ጋራ በአምስተኛ ክፍል ተቀመጠ።

ልጆቹም «አቦይ» አሉት። አቦይ በትግርኛ ሽማግሌ የሚከበርበት መጠሪያ ነው፤ እነርሱ ግን የክብሩን ስም መዘባበቻ አደረጉት። የዓይናለም የከርሰ ምድር ውኃ ለመቀሌ ሕዝብ ይደርሳል፤ እርሱ ግን በግቢያችን ቧንቧ ዘንድ ሲሰለፍ «ለአቦይ ልቀቁላቸው!» እያሉ ወደ ኋላ ይገፉት ነበር።

አንድ ቀን ስም ስጠራ ከኋላ አንዱ «አቦይ አሉ!» ብሎ በእርሱ ፈንታ መለሰ። ክፍሉ ሁሉ ሳቀ፤ እኔም ፈገግ አልሁ። ልጁ የሳቁትን አላየም፤ እኔን ብቻ አየኝ። በማግሥቱ ስሙን ስጠራ የሚመልስ አልነበረም።

የዚህን ጕዳይ ምርምር የጀመረው ሊቅ ዳን ኦልቬውስ፥ እንዲህ ያለውን ጥቃት ብርቱው በደካማው ላይ ደጋግሞ የሚያደርሰው በደል መሆኑን ገልጧል። እ.ኤ.አ. በ1983 በኖርዌይ የተጀመረው ዘመቻ ለመምህራንና ለወላጆችም ጭምር የተዘጋጀ ነበረ፤ እርሱ ባጠናቸው በበርገን ትምህርት ቤቶችም በደሉ በግማሽ ያህል ቀነሰ። ይህን ባነበብሁ ጊዜ ፈገግታዬ ለልጆቹ ፈቃድ እንደ ነበረች ገባኝ።

ብዙ ወላጅ የተበደለውን ልጅ «አንተም ምታ» ይለዋል፤ አንዳንድ መምህርም በዳዩን ይገርፋል። አለንጋ ግን ብርቱ ደካማውን ይምታ የሚለውን ትምህርት ያጸናል እንጂ አይሽረውም። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ እንዲሆኑ ደንግጓል።

ወደ ተፈናቃዮቹ መጠለያ ሄድሁ። እናቱ ባዩኝ ጊዜ ደንግጠው «መምህር፥ ልጄ ምን አጥፍቶ ነው?» አሉኝ። «እርሱ አላጠፋም፥ እናቴ፤ ያጠፋሁት እኔ ነኝ» አልኋቸው።

በተመለሰ ቀን በክፍሉ ፊት በስሙ ጠርቼ ይቅርታ ለመንሁት። የሚያፌዙትን አንድ በአንድ ለብቻ አነጋገርሁ፤ ዝም ብለው ያዩ ከነበሩት ሁለቱን ከእርሱ ጋራ አስቀመጥሁ፤ በዕረፍት ሰዓትም ቧንቧው አጠገብ ራሴ መቆም ጀመርሁ። ፌዙ በአንድ ቀን አልጠፋም፤ የሚስቅለት ግን እያነሰ ሄደ።

ባልደረቦቼ መምህራን ሆይ፥ ልጆች በልጅ ላይ ሲስቁ ፊታችሁን ጠብቁ፤ ክፍሉ ከሰሌዳው አስቀድሞ እርሱን ያነባልና።