የሽቦው እንጉርጉሮ

የስልክ እንጨት ላይ ጆሮውን ለጥፎ ያላዳመጠ የገጠር ልጅ ያለ አይመስለኝም። በእኛ ሰፈር ያ እዝ የሚለው ድምፅ በሽቦው የሚያልፍ የሰው ወሬ ነው ይባል ነበር። የፊዚክስ መምህራችን ግን «እንደ ክራር ስለተወጠረ ነው» ብለው ነገሩን ዘጉት፤ ልከራከር ብል ከክፍል አስወጡኝ።

ሰሞኑን አንድ ዘጋቢ ፊልም ሳይ፣ መርከብ በባሕር ውስጥ መሣሪያ የሚጎትትበት ኬብል ላይ የፕላስቲክ ክንፎች ተደርድረው አየሁ። ኬብሉ እንዳይንቀጠቀጥ ነው ተባለ። ኬብሉን የሚያንቀጠቅጠውና ሽቦውን የሚያስጮኸው ነገር አንድ ነውና ወዲያው የድሮ ቂሜ ተነሣ።

የሽቦውን ድምፅ በወጉ የለካው ቼኩ ስትሩሃል ነው። እ.ኤ.አ. በ1878 ሽቦ በአየር ውስጥ እያሽከረከረ ሲያዳምጥ፣ የድምፁን ቅጥነት የሚወስኑት ፍጥነቱና የሽቦው ውፍረት ሆነው ተገኙ። ውጥረት የለበትም! እርግጥ የሽቦው የራሱ ቅኝት ከነፋሱ ምት ጋር ሲገጥም ድምፁ ይጎላል። ለዚህ ለመምህሬ ግማሽ ነጥብ እሰጣለሁ።

ውሃም ውስጥ ሕጉ ያው ነው። ፍጥነቱን ለውፍረቱ አካፍሎ በ0.2 ገደማ ማባዛት ነው። አንድ ሳንቲ ሜትር የሚወፍር ኬብል በሰከንድ 2 ሜትር ሲጎተት በሰከንድ 40 ጊዜ ያህል ይርገበገባል። ውሃው በኬብሉ ግራና ቀኝ በየተራ አዙሪት እየጣለ ወዲያና ወዲህ ይወዘውዘዋል።

ይህ የአዙሪት ሰልፍ «የካርማን መንገድ» ይባላል። ቴዎዶር ፎን ካርማን በ1911 ጎቲንገን ሳለ፣ ሂሜንትዝ የተባለ ተማሪ በውሃ ቦይ ውስጥ ያቆመውን ሲሊንደር ቢያስተካክለው ቢሞርደው ውሃው አልረጋ ብሎት ሲንገላታ ያያል። ጥፋቱ የሲሊንደሩ እንዳልሆነ በሒሳብ ያሳየው ካርማን ነው። ፈረንሳዊው አንሪ ቤናር ግን አዙሪቶቹን ቀድሞ ፎቶ አንስቷቸው ነበርና ቅር አለው። ካርማንም እንግዲያው በበርሊንና በለንደን በእኔ ስም፣ በፓሪስ በቤናር ስም ይጠራ ብሎ ቀለደ። አዲስ አበባ ቢሆን ሁለቱም ስም ታፔላ ላይ ይቀርና ሕዝቡ «ከአዙሪቱ ዝቅ ብሎ» ይለው ነበር። ደግሞ ካርማን ራሱ እንደተረከው፣ ቦሎኛ ባለ ቤተ ክርስቲያን ቅዱስ ክሪስቶፎር ሕፃኑን ተሸክሞ ወንዝ ሲሻገር የሚያሳይ ሥዕል አለ፤ ከእግሩ ኋላ አዙሪቶቹ በየተራ ተሥለዋል። ለእኔ መንገዱ የሠዓሊው ነው።

የባሕር ሰዎችን የሚያስጨንቃቸው ግን ድምፁ አይደለም። የሚርገበገብ ኬብል ለውሃው ከውፍረቱ በላይ ይወፍርበታል፤ ወደ ኋላ የሚጎትተው ኃይል እጥፍ ሊደርስ ይችላል፣ መሣሪያውም ከተፈለገበት ጥልቀት ወደ ላይ ይነሣል። ክንፎቹ ውሃው ኬብሉን አልፎ በቀስታ እንዲገጥም አድርገው መርገብገቡን ይገድላሉ። ታዲያ ዝገት ወይም ቆሻሻ ይዟቸው በአንድ ወገን ጠመም ካሉ፣ ኬብሉን እንዳለ ወደ ጎን ይዘውት ይነጉዳሉ፤ መርከበኛውም ከኋላው የሚጎትተውን መሣሪያ በስተቀኝ ይፈልገዋል።