የሜምፊቦስቴ ድርሻ

ንጉሥ ዳዊት ለሜምፊቦስቴ የአያቱን እርሻ ሲመልስለት ትእዛዙ ያማረ ነበር። እርሻውን የያዘው ግን ሲባ ነው፤ ኋላም የጌታውን ስም በንጉሡ ፊት አጠፋ። እግሩ የማይሄድ ሰው በጊዜው ደርሶ ሊከራከር አልቻለም።

እህቶቼ፣ የአገራችንም ትእዛዝ ያማረ ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችን እንዲረዳ፣ አንቀጽ 12 አሠራሩ ለሕዝብ ግልጽ እንዲሆን ያዛሉ። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው ሴፍቲኔትም መሥራት ለማይችሉ «ቀጥታ ድጋፍ» አለው፤ የተመረጡት ስም በአደባባይ ይለጠፋል፣ የቀረ ለቀበሌው ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ ያመለክታል። ወረቀቱ እንዲህ ይላል።

እዚህ ዋሂል አንዲት ጎረቤቴ እግሮቹ የማይታዘዙለትን ልጇን አዝላ ትምህርት ቤት ታደርሳለች። ልጁ አሥር ዓመት ሞልቶታል፣ ከብዷል፤ ክፍሉ ደጃፍ ያለው ደረጃ ደግሞ ያስጨንቃታል። የ2001ዱ የሕንፃ አዋጅ ለሕዝብ በሚያገለግሉ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኛ መግቢያ እንዲኖር አዞ ነበር። ለትምህርት ቤቶችም በተማሪ ቁጥር የሚሰላ ድጎማ ሲመጣ ቆይቷል። «ታዲያ የልጄ ድርሻ የቱ ነው?» አለችኝ። (የፓስተር ሚስት ሁሉን ታውቃለች ይባላል!)

አብረን ወደ ወላጅ መምህር ኅብረት ስብሰባ ሄድንና ሒሳቡ እንዲነበብ ጠየቅን። ተነበበ። ጠመኔ፣ መጻሕፍት፣ የወንበር ጥገና፤ ሁሉም በደረሰኝ። እውነት ለመናገር፣ የሰረቀ አልነበረም። ስለ ልጁ ግን አንድም መስመር የለም፤ በቁጥሩ ገንዘብ መጥቶበታል፣ በዕቅዱ ግን አልታሰበም። ይህ ከስርቆት ይልቅ አሳዘነኝ፤ ለሌባው እንኳ ሕግ አለው።

መወጣጫው በሚመጣው ዓመት ዕቅድ ይግባ ብለን በቃለ ጉባኤው አስጻፍን። ዕቅዱ ሲጸድቅ እናቱ ራሷ ልትናገር ነው።