ሞተሩ ሲዝል

ጨርሶ የጠፋ ሞተር ሐቀኛ ነው። ዝም ይላል፤ ሰውም ወይ መቅዘፊያ ያነሣል ወይ ይጣራል። አስቸጋሪው እየሠራ የማይሠራው፣ የሚዝለው ነው። ድምፁ አለ፣ ጭሱ አለ፣ ከኋላ የሚያንቦጫርቀው ውኃም አለ፤ ጀልባዋ ግን ጉልበት እንደከዳት በቅሎ ትጎተታለች። ይህን ጣና ላይ ያየ ሰው ከተማ ተመልሶ አቀበት ላይ የሚያቃስት ታክሲ ውስጥ ሲቀመጥ እንኳ ጆሮው ይቆማል።

እርግጥ ነው፣ ጣና ላይ ያለ ሞተር ሁሉ ምንም ሳይነካው ከጉልበቱ የጎደለ ነው። ሐይቁ የተኛው ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው። አየሩ የሳሳ ስለሆነ ሞተሩ በየትንፋሹ የሚስበው ኦክስጅን ያንሳል፤ ባለሙያዎች በየ300 ሜትሩ ከመቶ 3 እጅ ያህል ጉልበት ይቀነሳል ብለው ይገምታሉ። ፋብሪካው 25 የፈረስ ጉልበት ብሎ የጻፈበት ሞተር እዚህ ሲደርስ 20 ቢሰጥ ነው። ካርቡራተር ያለው ከሆነ ደግሞ ለባሕር ጠረፍ የተመጠነው ቤንዚን ለዚህ አየር ይበዛበትና ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል። መድኃኒቱ ቤንዚን የሚያሳልፈውን ቀዳዳ ጠበብ ባለ መለወጥና በአንድ ዙር ጥቂት ጥቂት ውኃ የሚገፋ ፕሮፔለር መግጠም ነው። እንግዲህ አምስቱ ፈረሶች ከመነሻው በረት ቀርተዋል ማለት ነው። ከተረፉት መካከል አንድ ሁለቱ ሲታመሙ ነው ጉዱ የሚመጣው።

እኔ ያን ጉድ ያየሁት ከደቅ ደሴት ስንመለስ ነው። ስምንት ነበርን። አንዲት እናት ትኩሳት የያዘው ሕፃን ታቅፋ ባሕር ዳር ወደሚገኝ ሐኪም ቤት ትሄዳለች። ሰዓቱ ወደ ሰባት ይጠጋል። ጣና ጠዋት እንደ መስተዋት ነው፤ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሣ ግን ማዕበሉ ትንሽ ጀልባን ከጎን ሲመታ ቀልድ አይደለም። መንገዱን እንዳጋመስን ሞተሩ ዛለ።

ከተሳፋሪዎቹ አንዱ፣ ጎረምሳ ቢጤ፣ “ጋሼ፣ ካንዴላውን ይለውጡት” አለ። በከተማችን መኪና ባስነጠሰ ቁጥር የሚለወጠው ካንዴላ ነው፤ ሐኪሙ ሳያየው መርፌ እንደሚወጋ በሽተኛ። ባለ ጀልባው፣ ሃምሳዎቹን ያጋመሱ ሰው፣ ጆሯቸውን አዘንብለው ያዳምጡ ነበር። “ድምፁ ወርዷል፣ ልጄ። ወጥቶ ቢሆን ኖሮ ሌላ ነበር” አሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሞተሩ ድምፅ ከፍ ብሎ ጀልባዋ ከዘገየች ጥፋቱ ከታች ነው፤ ብዙውን ጊዜ ፕሮፔለሩ መሀል ያለው ጎማ ተላቅቆ ዘንጉ በባዶ ይዞራል። ድምፁ አብሮ ከወረደ ግን ወይ አንድ ነገር አንቆታል፣ ወይ ከሲሊንደሮቹ አንዱ አልተኮሰም፣ ወይ ግሏል፣ ወይ ቤንዚን አልደረሰውም።

በመጀመሪያ ሞተሩን አጥፍተው ከውኃው አወጡት። በ2011 እ.ኤ.አ. ጣና ላይ መታየቱ ከተመዘገበ ወዲህ እምቦጭ ዋናው ተጠርጣሪ ነው፤ ፕሮፔለሩን ይጠመጥመዋል፣ ማቀዝቀዣው ውኃ የሚገባበትንም ወንፊት ይደፍነዋል። አንድ እፍኝ ሥር ነቅለው ጣሉ። አስነሡትና ከሞተሩ ጎን የምትወርደውን ቀጭን የውኃ መስመር በመዳፋቸው ነኩ። “ሽንቱ ደህና ነው፣ አልጋለም” አሉ። ጎረምሳው ሳቀ፤ እናቲቱ አልሳቀችም። ጥቂት እንደሄድን እንደገና ዛለ።

ከቤንዚን መያዣው ወደ ሞተሩ በሚሄደው ቱቦ ላይ፣ ከእንቁላል ተለቅ የምትል የጎማ መጭመቂያ አለች። እሷን ጨመቅ ጨመቅ ሲያደርጉ ሞተሩ በረታ፣ ጀልባዋም ቀና ብላ ሄደች። ሲተዉት ተመልሶ ወደቀ። በእጅ ሲመግቡት የሚበረታ ሞተር የተራበ ሞተር ነው፤ ካንዴላው በነፃ ተሰናበተ።

የመያዣውን ክዳን አላሉት። መተንፈሻው ተደፍኖ ቢሆን ኖሮ አየር ሲገባ ሲፍ ይል ነበር፣ መጭመቂያዋም ተጨማድዳ ትገኝ ነበር። አልሆነም። ማጣሪያው ሥር የዘቀጠ ውኃም የለም። ከዚያ ሞተሩን አጥፍተው መጭመቂያዋን ጠንክራ እስክትቆም ጨመቁና ጣታቸውን በቱቦው ላይ አስኬዱ። ማሰሪያው ሥር አንዲት ጠብታ ቤንዚን ጣታቸውን አረጠበችው። ሞተሩ ሲስብ በዚያ ስንጥቅ አየር ይገባል እንጂ ቤንዚን አይወጣም፤ ስንሄድ ምንም ያልታየን ለዚህ ነው።

በዚህ መሀል ነፋሱ ተነሥቶ ነበር። ጀልባዋ ጎኗን ለማዕበል ሰጥታ ስትናጥ እናቲቱ ሕፃኑን በነጠላዋ ሸፍና ጀርባዋን ለውኃው አዞረች። ማንም አልተናገረም። ባለ ጀልባው ሁለት ጣት ያህል በቢላ ቆርጠው ጣሉ፣ ደህናውን ጫፍ ገፍተው አስገቡና በሽቦ ጠፈሩት። ገመዱን ሁለት ጊዜ ሳቡ።

ባሕር ዳር ስንደርስ ሁላችንም ረጥበን ነበር፤ ሕፃኑ ግን ያለቅስ ነበር፣ ደግ ምልክት ነው አሉ። እናቲቱ ባጃጅ ይዛ ሄደች። እኔ ወደኋላ ቀርቼ አዲስ ቱቦ ለምን እንደማይገዙ ጠየቅኋቸው።

“የቤንዚን ነው ብለው የሚሸጡልኝ የውኃ ቱቦ ነው፣ ልጄ። ቤንዚን ሲነካው ይደርቅና ይሰነጠቃል። ይኼም አዲስ ነው፤ ሦስት ወሩ።”

ይህን ብለው ሽቦውን እንደገና ያጠብቁ ጀመር፤ ለነገ ጠዋት ተሳፋሪ ይዘዋል።